የቢምራኦ አምቤድካር ልጅነትና የሕግ ትምህርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢምራኦ ራምጂ አምቤድካር የነጻይቱ ሕንድ የመጀመሪያው የሕግ ሚኒስትርና የሕገ መንግሥቷ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። እዚህ የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ግን በአብዛኛው ከዚያ ቀደም ያለውን ዘመናቸውን፣ ማለትም የት እንደ ተወለዱ፣ እንዴት እንደ ተማሩና ጠበቃ ለመሆን ምን ያህል ዳገት እንደ ወጡ የሚመለከቱ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የት ተወለዱ? ቤተሰባቸውስ ምን ዓይነት ነበር?

አምቤድካር ኤፕሪል 14 ቀን 1891 በመካከለኛው ሕንድ፣ ዛሬ ማድያ ፕራዴሽ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ምሆው በተባለ የጦር ሠፈር ተወለዱ። አባታቸው ራምጂ ማሎጂ ሳክፓል በእንግሊዞች የሕንድ ጦር ውስጥ ሱበዳር የሚባለውን ማዕረግ የያዙና በጦሩ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ቢማባይ ይባላሉ። ለቤተሰቡ ዐሥራ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ፤ ከዐሥራ አራቱ ግን ለዐቅመ አዳምና ለዐቅመ ሔዋን የደረሱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። እናታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው።

ቤተሰቡ ማሃር ከሚባለው ማኅበረሰብ ነው። ማሃሮች በሂንዱ የካስት ሥርዓት፣ ማለትም ሰውን በትውልዱ በደረጃ በሚከፍለው ሥርዓት፣ ከአራቱ መደቦች ውጭ ተቆጥረው «የማይነኩ» እየተባሉ የሚገለሉ፣ በየመንደሩ ዘበኝነት፣ መልእክተኝነትና የሞተ ከብት ማንሣት እንደ ግዴታ የተጣለባቸው ሕዝብ ነበሩ። ከዚህ ኑሮ መውጫ ከሆኗቸው ጥቂት በሮች አንዱ ወታደርነት ነበር፤ ጦሩ ለወታደሮቹና ለልጆቻቸው ትምህርት ይሰጥ ነበርና። የአምቤድካር አባት ማንበብና መጻፍ የቻሉት፣ ልጆቻቸውንም አጥብቀው ያስጠኑት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግሊዞች በ1890ዎቹ ማሃሮችን መመልመላቸውን ሲያቆሙ ይህ በር ለብዙ ቤተሰብ ተዘጋ፤ አምቤድካር ግን አባታቸው ቀድመው ስላለፉበት ከፊደል ጋር ለመተዋወቅ በቁ።

በትምህርት ቤት ምን ደረሰባቸው?

አባታቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤተሰቡ በሳታራ ከተማ ተቀመጠ፤ አምቤድካርም እዚያ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ። እንደ ሌሎቹ ልጆች ከክፍል ገብተው ይማሩ ነበር፤ አብረው ግን አይቀመጡም። ከቤት ይዘውት በሚመጡት ጆንያ ላይ ለብቻቸው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። የትምህርት ቤቱ ጠራጊ ሰው ሌላውን ክፍል እያጸዳ ያችን ጆንያ ስለማይነካት፣ ማታ ተሸክመዋት ወደ ቤት ይመለሱና ጠዋት መልሰው ያመጧታል።

ውሃ ሲጠማቸው ደግሞ ቧንቧውን ራሳቸው ሊነኩት አይፈቀድላቸውም። ሌሎቹ ልጆች መምህሩን አስፈቅደው ሄደው ይጠጣሉ፤ እርሳቸው ግን የመምህሩ ፈቃድ ብቻ ስለማይበቃቸው፣ የትምህርት ቤቱ ተላላኪ መጥቶ ቧንቧውን እስኪከፍትላቸው ይጠብቃሉ። ተላላኪው በሌለበት ቀን ውሃ የለም ማለት ነው፤ ይህንንም ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፉት አጭር የሕይወት ማስታወሻ ውስጥ በግልጽ አስፍረውታል። በቤታቸውም ቢሆን ፀጉራቸውን የምትቆርጠው ታላቅ እኅታቸው ነበረች፤ ለመክፈል ገንዘብ ቢኖራቸውም እንኳ የማሃር ልጅ የሚቆርጥ ፀጉር አስተካካይ አልነበረም።

የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በወረቀት ለሁሉም ክፍት ነበሩ። ያች ጆንያና ያ ቧንቧ በየትኛውም አዋጅ ያልተጻፉ፣ በልማድ ብቻ የሚሠሩ ክልከላዎች ናቸው። አምቤድካር ኋላ ስለ ሕግ ያሰቡትን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢነሣ መልካም ነው፤ በልማድ የሚረገጥ ሰው በወረቀት ላይ ያለ መብት ብቻ እንደማይበቃው፣ መብቱን የሚያስከብርለት ዳኛ እንደሚያስፈልገው የተማሩት በለንደን ሳይሆን በሳታራ ነው።

ስለ ባቡር ጣቢያውና ስለ ጋሪው የሚነገረው ታሪክ እውነት ነው?

አዎን፤ ራሳቸው ጽፈውታል። በ1901 አባታቸው በኮሬጋዎን በገንዘብ ያዥነት ይሠሩ ስለነበር፣ ልጆቹ ለዕረፍት ወደ እርሳቸው እንዲመጡ ጠሯቸው። አምቤድካር፣ ወንድማቸውና የእኅታቸው ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ ደስ እያላቸው በባቡር ማሱር የተባለ ጣቢያ ደረሱ። የሚቀበላቸው ሰው አልነበረም፤ መምጣታቸውን የሚገልጸው ደብዳቤ ለአባታቸው አልደረሳቸውም ነበርና። የጣቢያው ኃላፊ አለባበሳቸውን አይቶ የትልቅ ሰው ልጆች መስለውት በአክብሮት ሲጠይቃቸው ቆይቶ፣ «ማሃር ነን» የሚለውን መልስ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠና ትቷቸው ሄደ።

ከጣቢያው ወደ ኮሬጋዎን የሚወስዳቸው ባለጋሪ ታጣ። በመጨረሻ አንዱ እጥፍ ዋጋ ተከፍሎት፣ በሬዎቹን ልጆቹ ራሳቸው እየነዱ እርሱ በእግሩ ከጎን ሊሄድ ተስማማ። ስንቅ ይዘዋል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ የሚጠጡት ውሃ የሚሰጣቸው ስላላገኙ፣ ምግባቸውን ታቅፈው ተርበው አደሩ። በዚያ ጊዜ አምቤድካር ዐሥር ዓመት ገደማ ነበሩ። ከዚያ ጉዞ በፊት መገለላቸውን ያውቁት እንደ ነበር፣ ነገሩ በጥልቅ የገባቸው ግን ያን ሌሊት መሆኑን መስክረዋል።

ኮሌጅ እንዴት ሊገቡ ቻሉ? ማን ከፈለላቸው?

ቤተሰቡ ወደ ቦምቤይ (ዛሬ ሙምባይ) ከተዛወረ በኋላ በኤልፊንስተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩ። ሳንስክሪት መማር ቢፈልጉም ቋንቋው ለእንደ እርሳቸው ያለ ልጅ አይፈቀድም ተብሎ በምትኩ ፋርስኛ ወሰዱ። በዘመኑ ልማድ መሠረት ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ራማባይን አገቡ። በ1907 ማትሪክ ሲያልፉ፣ ለማሃር ልጅ ያልተለመደ ነገር ስለ ነበር ማኅበረሰቡ የደስታ ዝግጅት አደረገላቸው።

በዚያ ዝግጅት ላይ ከተገኙት አንዱ ክሪሽናጂ አርጁን ኬሉስካር የተባሉ መምህርና ደራሲ ነበሩ። የአባታቸው ገንዘብ ሲያልቅ አምቤድካርን በእንግሊዞች የበላይነት ሥር የራሷ ንጉሥ ወደ ነበራት ግዛት፣ ወደ ባሮዳ ንጉሥ ወደ ሳያጂራኦ ጋይክዋድ ያቀረቧቸው እኚሁ ሰው ናቸው፤ ንጉሡም በወር 25 ሩፒ ቆረጡላቸው። በዚህ ድጎማ በኤልፊንስተን ኮሌጅ ተምረው በ1912 በኢኮኖሚክስና በፖለቲካ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ አባታቸው ሞቱ።

ሕግ ለመማር ያሰበ ሰው ስለምን መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሄደ?

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወጪውን የሸፈነው የባሮዳ መንግሥት ሲሆን፣ ውሉም በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለሦስት ዓመት እንዲማሩና ሲመለሱ ለዐሥር ዓመት ባሮዳን እንዲያገለግሉ ነበር። በ1913 የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሆነው ኒው ዮርክ ገቡ። ያጠኑት በዋናነት ኢኮኖሚክስ ሲሆን፣ ታሪክን፣ ሶሲዮሎጂን፣ ፍልስፍናንና አንትሮፖሎጂን ጨምረውበታል። ከመምህራኖቻቸው መካከል ኢኮኖሚስቱ ኤድዊን ሴሊግማንና ፈላስፋው ጆን ዴውይ ይገኙበታል፤ በተለይ የዴውይን ውለታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያነሡት ኖረዋል።

በ1915 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በሜይ 1916 ደግሞ በአንትሮፖሎጂስቱ አሌክሳንደር ጎልደንዋይዘር ሴሚናር ላይ ስለ ካስት አመጣጥና አሠራር ያዘጋጁትን ጥናት አቀረቡ። ካስት የሚጸናው ሰው ከራሱ ወገን ብቻ እንዲጋባ በመገደዱ ነው የሚል ክርክር ነበር ያቀረቡት። በእኔ አስተያየት ይህ የሃያ አምስት ዓመት ተማሪ ጽሑፍ ለሕግ ሰውነታቸው ከብዙ የሕግ መጽሐፍ ይልቅ ይመዝናል፤ ልጅ ሳሉ የደረሰባቸውን ነገር ከእሮሮ አውጥተው ምክንያቱን ሊመረምሩት የሚችሉ ጉዳይ አድርገውታልና።

ግሬይስ ኢን ምንድን ነው? ባሪስተርነትስ እንዴት ይገኛል?

በእንግሊዝ በከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የሚከራከር ጠበቃ ባሪስተር ይባላል። ባሪስተር ለመሆን በለንደን ካሉት አራት ጥንታውያን የጠበቆች ማኅበራት በአንዱ አባል መሆን ግዴታ ነው፤ እነርሱም ሊንከንስ ኢን፣ ኢነር ቴምፕል፣ ሚድል ቴምፕልና ግሬይስ ኢን ናቸው። በአምቤድካር ዘመን ተማሪው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛው በሮማ ሕግ፣ በሕገ መንግሥት፣ በወንጀል ሕግ፣ በማስረጃ ሕግና በመሳሰሉት የሚሰጠውን ፈተና ማለፍ ነው። ሁለተኛው በእያንዳንዱ የትምህርት ወቅት የተወሰኑ ምሽቶች በማኅበሩ አዳራሽ ተገኝቶ እራት መብላት ነው፤ ሦስት ዓመት ገደማ የሚወስዱ ዐሥራ ሁለት ወቅቶች በዚህ ዓይነት ይቆጠራሉ። የእራቱ ነገር ለማያውቀው እንግዳ ቢመስልም፣ ወጣቱ ከነባር ጠበቆችና ዳኞች ጋር ተቀምጦ የሙያውን ወግ የሚለምድበት መንገድ ተብሎ የተሠራ ነው።

ይህ አሠራር ለአምቤድካር አመቺ ሆነላቸው፤ ባሪስተርነት ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ ትምህርት ስላልነበረ ሌላ ጥናት ጎን ለጎን ማካሄድ ይቻላል። በ1916 መጨረሻ ለንደን ገብተው ለሕጉ በግሬይስ ኢን፣ ለኢኮኖሚክሱ በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ተመዘገቡ።

ትምህርታቸው በ1917 ስለምን ተቋረጠ?

የባሮዳ ድጎማ ጊዜው ስላለቀ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት ውስጥ ተመልሰው ጥናታቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀደላቸው፤ እርሳቸውም ወደ ሕንድ ተሳፈሩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና ስላላበቃ ባሕሩ አስጊ ነበር፤ የሰበሰቧቸው መጻሕፍት በሌላ መርከብ ተጭነው ሲሄዱ መርከቡ በጀርመን ሰርጓጅ ተመትቶ ሰጠመ።

ከዚያ በኋላ ባሮዳ የሆነው ከመጻሕፍቱ መጥፋት የከፋ ነው። ውላቸውን ለመፈጸም በመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመሩ፤ የሚያከራያቸው ቤት ግን ጠፋ። ሂንዱዎች እንደማያስጠጓቸው ስለሚያውቁ፣ ፓርሲዎች፣ ማለትም ከፋርስ የመጡ የዞራስተር ሃይማኖት ተከታዮች፣ በሚያድሩበት ማረፊያ ቤት በፓርሲ ስም ተመዝግበው ገቡ። ብቻቸውን በሰፊ ፎቅ ላይ፣ የኤሌክትሪክ መብራት በሌለበት፣ በአንዲት ትንሽ ፋኖስ እያነበቡ ያመሹ ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄዱ ሲሉ ዱላ የያዙ ሰዎች ደረጃውን ወጥተው ከበቧቸው፤ ማረፊያውን አርክሰሃል ብለው እስከ ማታ እንዲለቁ አስጠነቀቋቸው። ሁለት ወዳጆቻቸውን፣ አንዱን ሂንዱ አንዱን ክርስቲያን፣ አስጠጉኝ ብለው ቢለምኑም ሁለቱም ሰበብ ሰጧቸው። የቀሩትን ሰዓታት በከተማው የሕዝብ መናፈሻ ተቀምጠው አሳልፈው፣ ማታ ወደ ቦምቤይ በሚሄደው ባቡር ተሳፈሩ።

ኮሎምቢያንና ለንደንን አይቶ የመጣ ሰው በገዛ አገሩ የሚያድርበት ጣሪያ ማጣቱ እስከ ዛሬ ሲያነቡት ያማል። ልብ ሊባል የሚገባው ንጉሡ ራሳቸው ያስተማሯቸው፣ መሥሪያ ቤቱም የተቀበላቸው መሆኑ ነው፤ የላይኛው ፈቃድ የታችኛውን ልማድ ሊያሸንፈው አልቻለም።

ወደ ለንደን የተመለሱት በምን ገንዘብ ነው?

በ1918 በቦምቤይ ሲድናም ኮሌጅ የፖለቲካል ኢኮኖሚ ፕሮፌሰር ሆኑ። ተማሪዎቹ ወደዷቸው፤ ከባልደረቦቻቸው አንዳንዶቹ ግን ከመምህራኑ የውሃ ማሰሮ መጠጣታቸውን ተቃወሙ። ከደመወዛቸው ቆጠቡ፤ የኮልሃፑሩ ንጉሥ ሻሁ ረዷቸው፤ ከኮሎምቢያ ዘመን ጀምሮ ወዳጃቸው የሆኑት ናቫል ባቴና ደግሞ 5,000 ሩፒ አበደሯቸው። ባቴና ፓርሲ ናቸው፤ ይህንን ማስታወስ ስለ ባሮዳው ማረፊያ ለሚያነብ ሁሉ ፍትሐዊ ነው።

በ1920 ለንደን ተመልሰው ያቋረጡትን ሁለቱንም ቀጠሉ። በዚህ ጊዜ የነበራቸው ገንዘብ እጅግ ትንሽ ስለ ነበር፣ ቀኑን በብሪቲሽ ሙዚየም የንባብ አዳራሽና በሌሎች ቤተ መጻሕፍት እያሳለፉ ምግባቸውን ቆጥበው ኖሩ። በ1921 ከለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የማስተርስ ዲግሪ አገኙ፤ በ1922 ግሬይስ ኢን ባሪስተር አደረጋቸው። ስለ ሩፒ ችግር የጻፉትን የዶክትሬት ጽሑፍ ፈታኞቹ እንዲያሻሽሉት ስለ ጠየቋቸው፣ ሕንድ ከተመለሱ በኋላ አስተካክለው ልከው በ1923 ጸደቀላቸው።

የሕግ ዲግሪ ነበራቸው? «32 ዲግሪ ነበራቸው» የሚባለውስ?

ባሪስተርነት የሙያ ማዕረግ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይደለም፤ ስለዚህ ተምረው ያገኙት የሕግ ዲግሪ አልነበረም። ኮሎምቢያ በ1952 የሰጣቸው የሕግ ዶክትሬት የክብር ነው። በኢንተርኔት የሚዘዋወረው የ32 ዲግሪ ወሬ መሠረት የለውም፤ ደጋግመው የሚያሰራጩት ብዙውን ጊዜ አክባሪዎቻቸው መሆናቸው ያሳዝናል። እውነተኛው ዝርዝር ምንም ማጋነን አያስፈልገውም፤ ከቦምቤይ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከኮሎምቢያ ማስተርስና በ1927 የተሰጣቸው ዶክትሬት፣ ከለንደን ማስተርስና ሌላ ዶክትሬት፣ በዚያ ላይ ባሪስተርነት። ይህን ሁሉ ያገኘው ሰው ከጆንያ ላይ የተነሣ መሆኑ ይበቃል።

ጋንዲ፣ ኔህሩና ፓቴልም በለንደን ሕግ ተምረዋል፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሦስቱም የሕንድ ነጻነት ትግል መሪዎች ነበሩ፤ ጋንዲና ኔህሩ በኢነር ቴምፕል፣ ፓቴል በሚድል ቴምፕል ተምረዋል። ጋንዲ ባሪስተር የሆኑት በጁን 1891፣ አምቤድካር በተወለዱ በሁለተኛው ወር ነው። መንገዱ ለሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ ጋንዲን ባሕር ተሻግረው በመሄዳቸው የገዛ ካስታቸው አውግዟቸዋል፣ ፓቴልም የተማሩት በጥብቅና ሥራ ራሳቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ ነው። ሦስቱም ግን ሲመለሱ ማረፊያ የሚነፍጋቸው አልነበረም።

ጠበቃ ሆነው ሲመለሱ ሥራ አገኙ?

በ1923 በቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥብቅና ጀመሩ፤ ለፈቃዱ የሚከፈለውን ገንዘብ ያበደሯቸው አሁንም ባቴና ናቸው። ባሪስተር ደንበኛ የሚያገኘው በአብዛኛው በነገረ ፈጆች፣ ማለትም ከባለጉዳዩ ጋር በቀጥታ በሚሠሩ የሕግ ባለሙያዎች፣ በኩል ስለ ነበረና ነገረ ፈጆቹም «ከማይነካ» ሰው ጋር መሥራት ስላልፈለጉ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭር ያሉ ነበሩ። በድሆች ጉዳይ በታችኛው ፍርድ ቤት እየተከራከሩ፣ የንግድ ሕግም እያስተማሩ ቤታቸውን አስተዳደሩ። በ1926 የላይኛው ካስት ሰዎች የሆኑትን ብራህሚኖችን በጽሑፍ ነቅፋችኋል ተብለው በስም ማጥፋት የተከሰሱ ሰዎችን ተከላክለው በማሸነፋቸው ስማቸው ወጣ። በ1935 የቦምቤይ የመንግሥት ሕግ ኮሌጅ ርእሰ መምህር ሆነው ተሾሙ።

የተማሩት ሕግ በፖለቲካ ሕይወታቸው የት ላይ ይታያል?

ከሁሉ ጎልቶ በማሃድ ኩሬ ጉዳይ ይታያል። የማሃድ ከተማ ምክር ቤት ቻቭዳር የተባለውን የውሃ ኩሬ ለሁሉም እንዲከፈት ቢወስንም የሚደፍር አልነበረም። ማርች 20 ቀን 1927 አምቤድካር ብዙ ሺሕ ሰው አስከትለው ከኩሬው ጠጡ። የከተማዋ ሂንዱዎች በድብደባ መለሱላቸው፤ ከዚያም ፍርድ ቤት ሄደው፣ የማይነኩትን ከኩሬው ማራቅ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው ሲሉ ከሰሱ። አምቤድካር ጊዜያዊ እገዳ ሲወጣ ለፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ተገዙ፤ ተከታዮቻቸውም ሁለተኛ ወደ ኩሬው እንዳይወርዱ አደረጉ። ክርክሩ ወደ ዐሥር ዓመት ፈጀ። በማርች 1937 የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልማዱ ከጥንት የነበረ ስለ መሆኑ አልተረጋገጠም ብሎ ለአምቤድካር ወገን ፈረደ።

በሕገ መንግሥቱም ውስጥ አሻራቸው አለ። አንቀጽ 17 ሰውን እንደማይነካ መቁጠርን በማናቸውም መልኩ ይከለክላል፤ አንቀጽ 15 ማንም ሰው በካስቱ ምክንያት ከጉድጓድ ውሃ፣ ከኩሬና ከመንገድ እንዳይከለከል በስም እየጠራ ይዘረዝራል። አምቤድካር የሰነዱ ነፍስና ልብ ብለው የጠሩት ግን መብቱ የተነካበት ሰው በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲሄድ የሚፈቅደውን አንቀጽ 32ን ነው። ሌሎቹ መብቶች ያለ እርሱ ከንቱ እንደሚሆኑ ያምኑ ነበር።

የተማሩበትን ዘመን የሚያስታውስ ቦታ ዛሬ አለ?

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሐውልታቸው ቆሟል። በለንደን ከ1921 እስከ 1922 የኖሩበትን፣ በኪንግ ሄንሪስ ሮድ ቁጥር 10 የሚገኘውን ቤት የሕንዱ የማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት መንግሥት በ2015 ገዝቶ ሙዚየም አድርጎታል። የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃው ለመኖሪያ እንጂ ለሙዚየም አልተፈቀደም ብሎ ተቃውሞ ነበር፤ ጉዳዩ በይግባኝ ታይቶ በ2020 የእንግሊዝ መንግሥት ሙዚየሙ እንዲቀጥል ፈቅዷል።